ጣና ዳር የሰማችሁትን ቃል ግጥም ቀድታችሁ እንዴት ትተነትኑታላችሁ?

የመመረቂያ ጽሑፍ ሰሞን ሲደርስ ስልኬ አያርፍም። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ ያሉ የአማርኛ ተማሪዎች የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፦ «ግጥሙን ሰብስቤያለሁ፤ አሁን ምን ልበልበት?» አንዱ ሠላሳ ግጥም ይዞ ይመጣል፤ አንዱንም አልነካካውም። ሌላዋ አንዲት ስንኝ ይዛ አሥር ገጽ ጽፋለች፤ ስንኟ ግን ከተጻፈው ግማሹን እንኳ አትልም። ለእያንዳንዱ ድምፅ ቀድቼ ከምልክ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል።

መመሪያው ባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ በቃል የሚባሉ ግጥሞችን ቀድታችሁ ለምትተነትኑ ነው። የታተመ ግጥም የያዛችሁ ከተራ ቁጥር 5 ጀምሩ።

የሚያስፈልጋችሁ

- ድምፅ የሚቀዳ ስልክ፣ በቂ ባዶ ቦታ ያለው
- ፓወር ባንክ (መብራት መቼ እንደሚጠፋ አይታወቅም)
- ኢርፎን፤ ግጥም በስልኩ ስፒከር አይገለበጥም
- ንጹሕ ቀጭን ካልሲ። ለምን እንደሆነ ተራ ቁጥር 3 ላይ ታገኙታላችሁ
- ደብተርና ሁለት እስክሪብቶ
- ከትምህርት ክፍላችሁ የተጻፈ የትብብር ደብዳቤ፣ ከነማኅተሙ
- ፍላሽ
- መዝገበ ቃላት። ለቆዩ ቃላት የደስታ ተክለ ወልድ «ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት» (1962 ዓ.ም.) ይጠቅማል። ተራው በአበገደ ነው። በሀለሐመ ከፈለጋችሁ «ቃሉ የለም» ብላችሁ ትዘጉታላችሁ።

1. ጥያቄያችሁን አጥብቡ

«የጣና ዳር ቃል ግጥሞች ይዘት» የአንድ ሴሚስተር ርእስ አይደለም፤ ዕድሜ የሚፈጅ ሥራ ነው። አንድ ዓይነት ግጥም፣ አንድ ቦታ፣ አንድ ጥያቄ ያዙ። ለምሳሌ «በእሹሩሩ ግጥሞች ውስጥ አባት እንዴት ይነሳል?» ይበቃል። ጥያቄው ሲጠብ፣ እየቀዳችሁ ሳለ ጆሯችሁ የሚይዘውን ያውቃል። ካልጠበበ የተባለውን ሁሉ ይዛችሁ ትመጡና የምትጥሉት ይቸግራችኋል።

2. ፈቃድ ጠይቁ፣ በአግባቡ

መጀመሪያ ደብዳቤውን ለቀበሌው አሳዩ፤ ከዚያ ሰውየውን ወይም ሴትዮዋን እራሳችሁ ጠይቁ። የቀበሌ ፈቃድ የሰውየው ፈቃድ አይደለም። አጠራራችሁ ሥራውን ግማሽ ያቀልለዋል፦ እማማ፣ አባባ፣ ለመነኩሴ አባ፣ ለቅኔ መምህር የኔታ። ስልኩን ከማውጣታችሁ በፊት ተቀመጡ፤ ቡና ከቀረበ ጠጡ። ስማቸው በወረቀቱ ላይ እንዲወጣ ይፈልጉ እንደሆነ ጠይቁ። ካልፈለጉ በፊደል ጥሯቸው (ተናጋሪ ሀ፣ ተናጋሪ ለ)። ዕድሜ፣ ፆታ፣ ቦታና ቀን ግን ይመዝገብ። አንድ ግጥም ሴት ለሴት ስትለውና ወንድ በድግስ ላይ ሲለው ትርጉሙ ሊለያይ ይችላል።

ማስጠንቀቂያ፦ ለቅሶ ቤት ስልክ አታውጡ። ሙሾ የምታጠኑ ከሆነ ሠልስቱ ካለፈ በኋላ ሄዳችሁ አስለቃሿን ጠይቁ። «ያለ ለቅሶ ሙሾ ሟርት ነው» ካሉ አታስገድዱ፤ ቃሉን ሳያዜሙ እንዲነግሯችሁ ብቻ ለምኑ። ደሴቶቹ ላይ ለመቅዳት ያሰባችሁ ሴቶች ደግሞ አስቀድማችሁ አጣሩ። እንደ ክብራን ገብርኤል ያለው ገዳም ሴት አያስገባም።

3. ቅዱ

ስልኩን አውሮፕላን ሞድ ላይ አድርጉት። በመሃል ስልክ ከተደወለ ቀረጻው ሊቋረጥ ይችላል፤ የሚቋረጠውም ጥሩው ስንኝ ላይ ነው። ካልሲውን የስልኩ ማይክ ባለበት ጫፍ ላይ አልብሱት። ጣና ዳር ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሳል፤ ያለ ካልሲ የምትሰሙት «ፉፉፉ» ብቻ ነው። ከተቻለ ጠዋት ቅዱ።

እኔ ያጠፋሁትን አትድገሙት። ከዘጌ ስመለስ ጀልባው ውስጥ አንድ ሽማግሌ ድንገት ማንጎራጎር ጀመሩ። ደስ ብሎኝ አርባ ደቂቃ ሙሉ ቀዳሁ። ቤት ገብቼ ስከፍተው አርባ ደቂቃ ሞተር ነው። ሽማግሌው አሉ፣ እንደ ትንኝ ከሩቅ ይሰማሉ። ያን ጊዜ ማድረግ የነበረብኝ ቀላል ነገር ነበር፦ ከጀልባው ስንወርድ ዛፍ ጥላ ስር አረፍ ብለው እንዲደግሙልኝ መጠየቅ።

በእያንዳንዱ ቀረጻ መጀመሪያ ላይ በራሳችሁ ድምፅ ቀኑን፣ ቦታውንና የግጥሙን ዓይነት ተናገሩ። ስልኩ ለፋይሉ የሚሰጠው ስም በፈረንጅ አቆጣጠርና በፈረንጅ ሰዓት ነው። ከሦስት ወር በኋላ ጠዋት ይሁን ማታ፣ መስከረም ይሁን ጥቅምት ይጠፋችኋል። የዚያኑ ዕለት ማታ ወደ ፍላሽ ገልብጡ፤ አንድ ቅጂ ደግሞ ቴሌግራም ላይ ለራሳችሁ ላኩ።

አዝማሪ ቤት ከሆነ አንድ ነገር ልብ በሉ። እዚያ ግጥሙን ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ታዳሚው ነው፤ አዝማሪው ተቀብሎ ያወጣዋል። ማን እንደሰጠው፣ ለማን እንደተባለ፣ ማን እንደሳቀ በደብተራችሁ ጻፉ። ይህን ካልያዛችሁ የአንዱን ሐሳብ በሌላው አፍ ታደርጋላችሁ።

4. ወደ ጽሑፍ ገልብጡ

ብዙ ሰው የሚበላሽበት ይኼ ላይ ነው። ጊዜ ስጡት። እኔ የአሥር ደቂቃ ቀረጻ ለመገልበጥ አንድ ሰዓት አያንሰኝም።

ሀ. የተባለውን ጻፉ፣ መባል የነበረበትን አይደለም። የጎጃም ሰው «እሚመጣ» ካለ «የሚመጣ» ብላችሁ አታርሙት። ዘዬውን ያቃናችሁት ቀን የተናጋሪውን ቋንቋ ትታችሁ የራሳችሁን ትተነትናላችሁ።

ለ. ጥብቀቱን ምልክት አድርጉ። የአማርኛ ጽሕፈት የሚጠብቀውን ከሚላላው አይለይም፤ ጆሮ ግን ይለያል። «ሰፊ» ሲጠብቅ ጠባብ ያልሆነው ነው፣ ሲላላ ልብስ የሚሰፋው። «ገና» ሲጠብቅ በዓሉ ነው፣ ሲላላ «ገና አልደረሰም» የምንለው። በሚጠብቀው ፊደል ላይ በእስክሪብቶ ሁለት ነጥብ ጣል አድርጉ። ይህን የምትሠሩት ቀረጻው ጆሯችሁ ላይ እያለ ነው፤ በኋላ በወረቀት ላይ አታገኙትም።

ሐ. ለጥርጣሬ ቃል ፊደል ለመምረጥ አትቸኩሉ። ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰ፣ ሠ፤ አ፣ ዐ፤ ጸ፣ ፀ በአማርኛ ድምፃቸው አንድ ነው። አንዱን መምረጥ አንዳንዴ አንዱን ትርጉም መዝጋት ይሆናል። ምሳሌው ተራ ቁጥር 7 ላይ ይመጣል።

መ. ያልሰማችሁትን አትሙሉ። «[አልተሰማም]» ብላችሁ እለፉ። በግምት የገባ ቃል ወርቅ (የተሰወረው ትርጉም) መስሎ ሲያታልል አይቻለሁ።

5. ቀለም ቁጠሩ

ለመለማመጃ እኔው የገጠምኳትን አንዲት ቤት እንያዝ። (የሰው ግጥም ከማበላሽ የራሴን ላበላሽ።)

አባይን አምኜ | ውሃ ሳልይዝ ወጣሁ፣
ቀኑ ሲመሽብኝ | የምጠጣው አጣሁ።

ፊደል ከቆጠራችሁ የመጀመሪያው ስንኝ 16፣ ሁለተኛው 15 ይመጣል። «ምጣኔው ተዛብቷል» ብሎ የጻፈ ተማሪ አለ። አልተዛባም። የሚቆጠረው ፊደል ሳይሆን ቀለም ነው፤ አፍ በአንድ ጊዜ የሚያወጣው ድምፅ። ሳድስ ፊደል ብዙ ጊዜ ለብቻው አይቆምም፤ ከፊቱ ካለው ጋር ይጣበቃል። እያጨበጨባችሁ በሉት፦

አብ–ባ–ይን–አ–ምኝ–ኜ | ው–ሃ–ሳል–ይዝ–ወጥ–ጣሁ
ቀ–ኑ–ሲ–መ–ሽብ–ብኝ | የም–ም–ጠጥ–ጣው–አጥ–ጣሁ

በሁለቱም ስንኞች 6 እና 6 ነው። («ጣሁ» ሲባል «ጣው» ሆኖ በአንድ ይወጣል።) ይህ የወል ቤት የሚባለው ነው። 5 እና 5 ከሆነ ሰንጎ መገን፣ 4 እና 4 ከሆነ ቡሄ በሉ ይባላል።

መቁጠሩ ለምን ይጠቅማል? አንድ ሐረግ (ከ«|» ግራ ወይም ቀኝ ያለው ግማሽ ስንኝ) ከሌሎቹ ከረዘመ ወይ ካጠረ፣ ወይ እናንተ በትክክል አልሰማችሁም፣ ወይ ተናጋሪው ሆን ብሎ ነው። የመጀመሪያው ከሆነ ወደ ቀረጻው ተመለሱ። ሁለተኛው ከሆነ የምትጽፉት ነገር አገኛችሁ።

6. ሰሙን ጨርሱ

ወርቅ ፍለጋ ከመሮጣችሁ በፊት ሰሙን፣ ማለትም ግጥሙ በግልጽ የሚለውን በሁለት ዓረፍተ ነገር በራሳችሁ ቃል ጻፉ። ለኛዋ፦ «ወንዙ አለ ብዬ ውሃ ሳልይዝ ከቤት ወጣሁ። ሲመሽ የምጠጣው አልነበረኝም።» በቃ። ይህን መጻፍ ካቃታችሁ ያልገባችሁ ቃል አለ፤ መዝገበ ቃላቱን ክፈቱ ወይም ተናጋሪውን ጠይቁ። ሰሙ ሳይያዝ የሚወጣ ወርቅ ከአየር የተያዘ ነው።

7. ኅብረ ቃሉን ፈልጉ

ኅብረ ቃል ሰሙንም ወርቁንም የተሸከመው ቃል ነው። እንዲህ ፈልጉት።

መጀመሪያ ሰሙ የሚጎረብጥበትን ቦታ ዳብሱ። «አባይን አምኜ» የሚለው ትንሽ አይጎረብጥም? ሰው ወንዝን «አመንኩ» አይልም፤ ሰውን ነው የሚያምን። ግጥሙ እዚያ ጋ እየጠቀሳችሁ ነው።

ቀጥሎ ቃሉን አጥብቃችሁም አላልታችሁም በሉት። «አባይ» ሲጠብቅ ወንዙ ነው። ሲላላ ውሸታም ነው፣ ቃሉን የሚበላ። አሁን ቤቷ ተከፈተች፦ ውሸታም አምኜ ስንቄን ሳልይዝ ወጣሁ፤ ሲጨንቀኝ የምደገፍበት አጣሁ። ተራ ቁጥር 4 ሐ ላይ ያልኳችሁ ይኼን ነው። ዛሬ ብዙ ሰው ወንዙን በዓይኑ ዓ ይጽፈዋል። ስትገለብጡ «ዓባይ» ብላችሁ ከጻፋችሁት አንባቢያችሁ ወንዙን ብቻ ያያል፤ ወርቁን በገዛ እስክሪብቷችሁ ሸፈናችሁት።

ማጥበቅ ማላላቱ ካልሠራ ቃሉን ሰንጥቁት። «በላቸው» ከ«በል» ከመጣ «ንገራቸው» ነው፣ ከ«በላ» ከመጣ «ዋጣቸው» ነው፤ የሰው ስምም ነው። «በሬ» እርሻ ላይ ያለው ነው፤ «የእኔ በር»ም ነው። ሁለት ቃላትንም አጣብቃችሁ ሞክሩ፤ ሲዜም ድንበራቸው ይጠፋል።

ይህን ሁሉ ሞክራችሁ ምንም ካልመጣ፣ ኅብር የለውም ማለት ነው። ብዙ ቃል ግጥም የለውም፤ ስላልኖረውም ደካማ አይሆንም። ወደ ተራ ቁጥር 9 እለፉ።

8. ወርቁን ፈትኑት

ያገኛችሁት ነገር ወርቅ መሆኑን በሦስት ጥያቄ ፈትኑ።

- በሁሉም ቃል ላይ ይሠራል? «አባይ» ውሸታም ከሆነ «ውሃ»፣ «መምሸት»፣ «መጠጣት» ምን ይሆናሉ? በኛዋ ስንቅ፣ ጭንቅና መደገፊያ ሆነው ይሄዳሉ። አንዱ እንኳ ቦታ ካጣ ጠርጥሩ።
- ሰዋስዉ ይፈቅዳል? «አባይን» ላይ ያለው «ን» ለወንዙም ለሰውየውም እኩል ይሆናል። ባይሆን ኖሮ ወርቁ አይቆምም።
- ዐውዱ ይደግፈዋል? ማን፣ ለማን፣ መቼ አለው? ደብተራችሁን ግለጡ።

ይህችን ቤት ለልምምድ ከሰጠኋቸው አንዱ ስለ ሕዳሴ ግድብ ሁለት ገጽ ጻፈልኝ። አጻጻፉ ያምራል። ነገር ግን ከዘጠኙም ቃላት ግድብ የሚል፣ ወደ ግድብ የሚያመራም የለም። «አባይ» የሚለውን ሲያይ ጆሮው ወደ ሬዲዮ ሄደ። ወርቁ ከቃሉ ውስጥ ይወጣል እንጂ ከዜና አይመጣም።

9. ዘይቤውን ከሥራው ጋር ጥሩ

«በግጥሙ ውስጥ ተነጻጻሪ፣ ተለዋጭና ሰውኛ ዘይቤ ይገኛሉ» ብሎ ማቆም ዝርዝር ነው፣ ትንተና አይደለም። ለእያንዳንዱ ሦስት ነገር ጻፉ፦ የትኛው ቃል ላይ ነው፣ ምኑን ከምን አገናኘ፣ ባይኖር ኖሮ ምን ይቀራል። ሦስተኛውን መመለስ ካቃታችሁ ያንን ዘይቤ ተዉት።

ሰውኛንና እንቶኔን አታምታቱ። «ጣና ዛሬ ተኮሳትሯል» ሰውኛ ነው፤ ሐይቁ የሰው ጠባይ ተሰጠው። «ጣና ሆይ፣ ምን በደልኩህ?» ካለ ግን እንደ ሰው እያናገረው ነውና እንቶኔም አለበት። ምጸትን ደግሞ በወረቀት ብቻ አትፍረዱ፤ ምጸት ያለው ድምፁ ውስጥ ስለሆነ ኢርፎኑን መልሳችሁ አድርጉ።

10. ትርጓሜያችሁን ይዛችሁ ተመለሱ

ይኼን ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ እኔም ዘልዬው ተቀጥቻለሁ። አንዲት እናት በቀዱልኝ ግጥም ውስጥ ደንገል ነበረ፣ ታንኳ የሚሠራበት። እኔ «ደንገል ተሰባሪ ሕይወትን ይወክላል» ብዬ አምስት አንቀጽ ደረደርኩ። አማካሪዬ «ሄደህ ጠይቃቸው» አለኝ። ሄጄ አነበብኩላቸው። ሳቁ፣ ቆይተው ደግሞ ሳቁ። «ልጄ፣ እኔ ደንገል ስል ደንገሉን ነው። ያን ዓመት ደንገል ጠፍቶ ነበር» አሉኝ። ያ የደንገል እጦት ከአምስቱ አንቀጾቼ ሁሉ የሚበልጥ መረጃ ሆነ።

ተናጋሪው ያላለውን ማየት አትችሉም ማለቴ ግን አይደለም። ግጥም ከባለቤቱ አልፎ ሊናገር ይችላል። ነገር ግን የእሳቸውን ትርጉምና የእናንተን ለያይታችሁ ጻፉ፦ «ተናጋሪዋ እንዲህ ይተረጉሙታል፤ እኔ ደግሞ በዚህ ቃል ምክንያት እንዲህ አነበዋለሁ።»

11. ጻፉ

አንቀጹን በዚህ ቅደም ተከተል ገንቡ፦ ስንኙን ጥቀሱ፣ ሰሙን ተናገሩ፣ ኅብረ ቃሉን አሳዩ፣ ወርቁን አውጡ፣ ከጥያቄያችሁ ጋር አገናኙ። የመጨረሻው ከቀረ አንባቢ «እና?» ይላል። ለአንድ ስንኝ አንድ አንቀጽ ይበቃል። ሠላሳ ግጥም ከሰበሰባችሁ ስድስቱን በደንብ ተንትኑ፤ የቀሩትን ከነቀናቸውና ቦታቸው አባሪ ላይ አስገቡ።

ብዙ ጊዜ የማያቸው ስሕተቶች

- ዓመተ ምሕረት መቀላቀል። የቀረጻው ቀን በኢትዮጵያ፣ የፋይሉ ስም በፈረንጅ ሆኖ ሰንጠረዡ ውስጥ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት የተራራቀ ይመስላል። አንዱን ምረጡ፣ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. ብላችሁ ጻፉ።
- «ገጣሚው» ማለት። የቃል ግጥም ባለቤቱ ብዙ ጊዜ አይታወቅም፤ «ተናጋሪው» ወይም «ከዋኙ» (በቃል የሚያቀርበው) በሉ።
- ግጥሙን በስድ ንባብ ደግሞ መጻፍና ትንተና ብሎ መጥራት። ሰሙን መንገር መነሻ ነው፤ እዚያ የቆመ ወረቀት «ትንተናው የታል?» ተብሎ ይመለሳል።
- ከሌላ ተማሪ ወረቀት ወርቅ መቅዳት። ያኛው ቀረጻ በሌላ ሰው፣ በሌላ ድግስ ላይ ነበር። የጠበቀው ፊደል ራሱ ሊለይ ይችላል።
- ያረጀ ፎንት። በድሮ የግዕዝ ፎንት የተጻፈ ፋይል ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ዝብርቅርቅ ያለ ምልክት ይሆናል። በዩኒኮድ ጻፉ፤ ለአማካሪያችሁ ከመላካችሁ በፊትም በጓደኛችሁ ስልክ ክፈቱት። ስንኞቹ ተሰባብረው ከታዩ ፒዲኤፍ አድርጋችሁ ላኩ።